በወልድያ ማራገፊያ
ስለ ላስታ ጭነትና ስለ ጥንታውያን የጭነት መኪናዎች የተደረገ ምልልስ

ተነጋጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው በልጅነታቸው ቅኔ ተምረው፣ በኋላም በዘመናዊ ትምህርት ቤት ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሁለተኛው ከላስታ ደጋ ወርደው በወልድያና በደሴ፣ በኮምቦልቻና በአሰብ መሥመር የጭነት መኪና ሲነዱ ዕድሜያቸውን ያሳለፉ አዛውንት ሾፌር ናቸው። ንግግሩ የተደረገው በላሊበላ ከተማ፣ የልደት በዓል አልፎ ምዕመናን ወደየአገራቸው በሚመለሱበት ሰሞን ነው።

መምህር፦ ጋሼ፣ በዚህ በላስታ ምድር የቅዱስ ላሊበላ ገድል ተጽፎ ይነበባል፤ ይምርሐነ ክርስቶስም ነአኵቶ ለአብም በየደብራቸው ይታሰባሉ፤ ዐለቱን ፈልፍለው መቅደስ ያደረጉት ሰዎች ስማቸው ባይታወቅ እንኳ ሥራቸው ስለ እነርሱ ይመሰክራል። ነገር ግን ጨዉን፣ አቡጀዲውን፣ ቆርቆሮውንና በክፉ ዘመን ደግሞ የነፍስ ማቆያውን እህል ወደዚህ ተራራ ያወጡት ሰዎች፣ ማለት ሲራራ ነጋዴው፣ አጋሰስ ነጂው፣ ከእነርሱም ወዲህ የመጡት ሾፌሩና ረዳቱ፣ በየትኛውም ብራና ላይ አልሰፈሩም። የእርስዎ ትውልድ ሳያልፍ ይህን ነገር ከአንደበትዎ ለመስማት የምሻው ስለዚህ ነው።

ሾፌር፦ በደስታ እነግርዎታለሁ፤ ነገር ግን አስቀድሞ መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። ስለ ላስታና ስለ ጭነት መኪና የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ መኪናው ከጥንት ጀምሮ እዚህ ይደርስ የነበረ ይመስለዋል። በእኔ ልጅነት መኪና ወደ ላስታ አልወጣም፤ ላስታ ነው ወደ መኪናው የወረደው። ማሩን፣ ቅቤውን፣ ገብሱንና ቆዳውን በበቅሎና በአህያ ጭነን፣ ከሮሃ፣ ማለት ከዚህ ከላሊበላ ተነሥተን በኩልመስክ በኩል ውርጫሙን ደጋ አቋርጠን፣ በድልብ በኩል ቁልቁል ወደ ወልድያ እንወርድ ነበር። እዚያ የበቅሎው ጭነት ይራገፋል፤ መኪናውም ያመጣውን ጨውና ሸቀጥ ያራግፋል፤ የአንዱ ሸክም በሌላው ጀርባ ላይ ይወጣል። ስለዚህ የላስታ የመኪና ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ከከተማችን አይደለም፤ ከወልድያ ማራገፊያ ነው። ወደ ሰሜን የሚገበየው ሰው ደግሞ ቆቦ ይወርድ ነበር፤ እዚያም ነገሩ አንድ ነው።

መምህር፦ ይህ የሚያስገርም አይደለም፤ ጣልያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን በወረረ ጊዜ የቀየሰው ጎዳና ለጦሩና ለገዥዎቹ የሚመች እንጂ ለደገኛው ገበሬ የታሰበ አልነበረምና። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴና በወልድያ፣ በአላማጣና በማይጨው አድርጎ እስከ አሥመራ የሚዘልቀው ዐቢይ ጎዳና የላስታን ተራራ ከሥሩ ታክኮ አለፈ፤ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የቆመውን አቡነ ዮሴፍን ሊወጣ አልሞከረም። ለዚያ ጎዳና ጭነት የሚያመላልሱት ድርጅቶችም ከወራሪው ጋር የመጡ ነበሩ። ጎንድራንድ የተባለው የማመላለሻ ድርጅት ሠራተኞች የሰፈሩበት ማይ ላህላ በየካቲት 1928 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ጦር መመታቱ በታሪክ ተጽፏል፤ ቺታኦ የሚባለው የምሥራቅ አፍሪካ የጣልያን ማመላለሻ ኩባንያም በዚያው ዘመን ተቋቋመ። ይህን የማነሣው የመኪናው መምጣት በዚህ ጎዳና ከደም ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ትዝታውም ጣፋጭ ብቻ ሊሆን ስለማይገባው ነው።

ሾፌር፦ እውነት ነው። እኔ ግን የደረስሁት ወራሪው ከሄደ በኋላ ነው፤ ብረቱ ቀርቶ፣ ባለቤቱ ተለውጦ። እንግሊዞች ብዙውን ንብረት ጭነው እንደ ወሰዱት ሽማግሌዎቹ ሲያወሩ ሰምቻለሁ፤ የቀረውን በአገራችን ለመኖር የመረጡት ጣልያኖች፣ ከየመን የመጡ ዐረቦች፣ ኤርትራውያንና የእኛው ነጋዴዎች እየገዙ ያሠሩት ነበር። እኔ መጀመሪያ በረዳትነት የተቀጠርሁባት ትሬንታ ኳትሮ የምንላት ፊያት ነበረች።

መምህር፦ ፊያት 634 ማለትዎ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1931 እስከ 1939 ድረስ የተሠራች፣ በናፍታ የምትሄድ፣ በዚያን ጊዜ ከጣልያን የጭነት መኪናዎች ሁሉ ከፍ ያለች ነበረች ይባላል።

ሾፌር፦ ከፍ ያለችስ ነበረች፤ ጉልበቷ ግን ከ80 የፈረስ ጉልበት የሚያልፍ አልነበረም። በዛሬው መኪና ዓይን ሲታይ ይህ ኢምንት ነው። በእርሷ ተጭኖ ከሸዋ ሮቢት ቆላ ተነሥቶ ደብረ ሲናን አልፎ ወደ ጣርማ በር መውጣት ማለት ቀኑን ሙሉ በእግረኛ እርምጃ መጓዝ ማለት ነበር። ራዲያተሩ ሲፈላ ይቆማል፤ ረዳቱ ባልዲ ይዞ ወደ ምንጭ ይወርዳል፤ ውሃው እስኪመጣ ሾፌሩ ታኮው በደንብ መያዙን ዞሮ ያያል፤ ከዚያ እንደገና በአንደኛ ማርሽ ይነሣል። ጣልያን ተራራውን በስቶ የሠራው፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚገኘው ዋሻ ሲታይ ሁሉም ያማትባል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ደብረ ብርሃን ሜዳ ነውና። ከአዲስ አበባ ሲመጡ ግን የሚያስፈራው መውጣቱ ሳይሆን መውረዱ ነው። ሾፌሩ በፍሬን ብቻ ልውረድ ካለ ፍሬኑ ይግልና አልይዝ ይላል፤ ስለዚህ በወጣበት ማርሽ ይወርዳል፤ ሞተሩ ራሱ ጭነቱን ይዞ ያወርደዋል። ይህን ሕግ ያልጠበቀ ሰው ከጣርማ በር ሥር ቀርቷል።

መምህር፦ አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር፤ እነዚያ የጣልያን መኪናዎች መሪያቸው በቀኝ በኩል ነበር።

ሾፌር፦ በቀኝ ነው፤ ይህም ያለ ምክንያት አልተደረገም። በተራራ አገር ለከባድ መኪና ሾፌር ዋናው ነገር የመንገዱን ጠርዝ ማየት ነው። አገራችን በግራ መንዳትን ትታ በቀኝ መንዳት የጀመረችው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ በቀኝ መሪ የሚነዳ ሰው ገደሉ ባለበት በኩል ሲሄድ ጎማው ከጠርዙ ስንት እንደ ቀረው በመስኮቱ ወደ ታች አይቶ ያውቃል። ሌላውን መኪና ለመቅደም ግን አይመችም፤ በግራ በኩል ያለውን የሚያይለት ጋቢና ውስጥ የተቀመጠው ረዳት ነው። "ና፣ ባዶ ነው" ካለ ሾፌሩ ነፍሱን በእርሱ ቃል ላይ አድርጎ ይወጣል። ስለ ረዳት የምናገረው ብዙ ነገር አለ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

መምህር፦ ከትሬንታ ኳትሮ በኋላ ኤንትሬ መጣ።

ሾፌር፦ ኤንትሬ! የእርሱን ስም ሲጠሩ ልቤ ይሞቃል። ፊያት 682 ነው፤ ፋብሪካው ይህን ዓይነት መሥራት የጀመረው እንደ አውሮፓውያን በ1952 ነው ይላሉ፤ እኛ ዘንድ ግን ሁለት ተብሎ ሦስት ተብሎ ሲመጣ ሦስተኛው፣ ማለት ኤንትሬው ሁሉንም አሸነፈ። ፊቱ ጠፍጣፋ ነው፤ ሞተሩ ከሾፌሩ ጎን፣ ከጋቢናው ውስጥ ነው፤ በአሰብ በረሃ ሙቀቱ ሰውን ያቃጥላል፤ በጣርማ በርና በደሴ ብርድ ግን ያ ሙቀት በረከት ነው። ተሳቢ ይዞ ይሄዳል። ሻንሲው አይታጠፍም፤ ባሌስትራው ቢሰበር በመንገድ ላይ ታስሮ እስከ ኮምቦልቻ ይደርሳል። ባለመኪናው በግንባሩ ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስን ወይም የእመቤታችንን ሥዕል ያሥላል፤ እስላም የሆነው ቢስሚላሂ ያጽፋል፤ በወሎ መንገድ ሁለቱም ወንድማማች ሆነው በአንድ ሆቴል ያድሩ ነበር። አንዱ በተበላሸ ጊዜ ሌላው ሳይቆም አያልፍም። ይህ በጽሑፍ የታዘዘ ሕግ አልነበረም፤ የሾፌር ሥርዓት ነበር።

መምህር፦ ስለዚህ ሥርዓት የሚናገሩት መልካም ነው፤ እኔ ግን አንድ ከባድ ነገር ሳላነሣ ላልፍ አልችልም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ በረሃብ ባለቀበት ጊዜ፣ ያ ጎዳና ተከፍቶ ነበር፤ ኤንትሬዎቹም ይሄዱ ነበር። የላስታ፣ የራያና የየጁ ሕዝብ ከደጋው ወርዶ በመንገዱ ዳር ተኮልኩሎ አውቶቡሱንና መኪናውን እያስቆመ እንጀራ ሲለምን፣ ከወሎ ገበያ የተገዛ እህል በዚያው ጎዳና ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይወጣ ነበር። አማርቲያ ሴን የተባለው ሕንዳዊ ሊቅ እንደ አውሮፓውያን በ1981 ባሳተመው ስለ ድህነትና ስለ ረሃብ በተጻፈ መጽሐፉ የዚያን ጊዜ ነገር መርምሮ ያረጋገጠው ይህንኑ ነው፤ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፤ የጠፋው ነገር እህል ብቻ ሳይሆን በገበሬው እጅ ያለ የመግዣ ዐቅም ነበር። ከብቱ ሞቶ፣ አዝመራው ጠፍቶ፣ የሚሸጠው ያጣ ሰው ዓይኑ እያየ እህል ያልፈዋል። እንግዲህ ጋሼ፣ ይህን ሳስብ ጎዳናና መኪና ብቻውን ሕዝብን ያድናል የሚለውን ነገር ለመቀበል ይከብደኛል።

ሾፌር፦ መምህር፣ እኔ ያንን መንገድ በዚያ ዓመት ነድቼዋለሁ። ከመርሳ እስከ ቆቦ መንገዱ ዳርና ዳር ሰው ነበረ። ሾፌር የሚጭነው ነጋዴው የጫነበትን ነው፤ ያገኘውን ዳቦ ይጥላል፤ ስንቁን ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ ግን በእጁ አልነበረም። የተናገሩትን አልክድም። ነገር ግን ስለ ላስታ ሲሆን ሌላውንም ወገን ይዩት። ከመንገድ ዳር የደረሰ ሰው ቢያንስ ታየ፤ ጩኸቱም ተሰማ፤ በ1966 ዓ.ም. የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን የተቋቋመው ያ ስለ ታየ ነው። ከኩልመስክ በላይ፣ ከአቡነ ዮሴፍ ሥር ያለው ሰው ግን እስከ ጎዳናው ለመውረድ ጉልበት ያጣው በቤቱ ቀረ፤ የቀበረውም ጎረቤቱ ብቻ ነው። ለእኔ መንገድ ማለት መጀመሪያ ይህ ነው፤ ደገኛው በሞተ ጊዜ እንኳ መሞቱ እንዲታወቅ።

መምህር፦ ይህ ከመጽሐፉ ውስጥ ያላገኘሁት ነገር ነው፤ እቀበለዋለሁ። ነገር ግን ከዚያ ጋር አንድ ጥያቄ ይከተላል። የታየ ሁሉ የተረዳ ነውን?

ሾፌር፦ አይደለም። ግን ያልታየ ጨርሶ አይረዳም።

መምህር፦ እንግዲያውስ ወደ ቻይናው መንገድ እንምጣ። ጃንሆይ በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ቻይናን ጎብኝተው ከሊቀ መንበር ማኦ ጋር ከተገናኙ በኋላ በተገኘ ብድር የተሠራ ነው፤ ሥራው የተጀመረውም የተፈጸመውም ግን እርሳቸው ከዙፋን ከወረዱ በኋላ፣ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ባለው ዘመን ነው። ከወልድያ ተነሥቶ በድልብ ወጥቶ በጋሸናና በደብረ ዘቢጥ፣ በንፋስ መውጫና በደብረ ታቦር አድርጎ እስከ ወረታ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። የጣልያኑ ጎዳና ተራራውን ሸሽቶ ካለፈ በኋላ በዚህ በኩል ተራራውን በግንባር የገጠመው መንገድ ይህ ነው።

ሾፌር፦ የድልብን ጠመዝማዛ የወጣ ሰው ያንን ያውቃል። ከዚያ በፊት በበጋ ብቻ በላንድሮቨር የሚገባ ሰው ነበረ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዳኮታ አውሮፕላንም በበጋ በሣር ሜዳ ላይ እያረፈ ጎብኚዎችን ያመጣ ነበር። ክረምት ሲገባ ግን ላስታ ተመልሳ ወደ ጥንቱ ትገባለች። የቻይናው መንገድ ሲከፈት ጭነት የሚራገፍበት ስፍራ ከወልድያ ተነሥቶ ጋሸና ወጣ። በቅሎው የሚሄደው ከጋሸና ብቻ ሆነ፤ ከላሊበላ ስድሳ ጥቂት ኪሎ ሜትር ማለት ነው። እዚህ ላይ ነው ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው፤ የዚህ አገር ጭነት ሁሉ ታሪኩ የማራገፊያው ስፍራ ቀስ እያለ ወደ ላይ መውጣቱ ነው። ወልድያ፣ ቀጥሎ ጋሸና፣ ቀጥሎ ላሊበላ ራሱ፤ ዛሬ ደግሞ ቢልባላ። ማራገፊያው አንድ እርከን በወጣ ቁጥር የአንድ ኩንታል ጨው ዋጋ ይወርዳል፤ የገበሬውም ገብስ ዋጋው ይወጣል።

መምህር፦ ግሩም ነገር ተናገሩ። እኔ ታሪክን በነገሥታት ዘመን ስከፍል ኖሬ፣ እርስዎ በማራገፊያ ከፈሉት፤ ለላስታ ገበሬ ሕይወት የእርስዎ አከፋፈል ሳይቀርብ አይቀርም። ስለ 1977ቱ ረሃብ ግን ምን ይላሉ? ያኔ የቻይናው መንገድ ተከፍቶ ነበር።

ሾፌር፦ ተከፍቶ ነበር፤ ጦርነት ግን ነበረ። የዕርዳታው እህል በመርከብ አሰብ ይደርሳል፤ በከባድ መኪና በበረሃው አልፎ ኮምቦልቻ መጋዘን ይገባል፤ ከዚያ ወደ ኮረምና ወደ ሌላው መጠለያ ይከፋፈላል። ከውጭ አገር ብዙ አዳዲስ መኪና መጣ፤ በዓለም ምግብ ድርጅት ሥር የተሰማራውም ነበረ። ነገር ግን መንገዱ ተከፍቶ ሳለ ሰዎች የዘጉት ጊዜ ነበር፤ ለሾፌር ከዚህ የከፋ የለም። ጎማ ቢፈነዳ ይጠገናል፤ ድልድይ ቢሰበር፣ ቢቆይም ይሠራል። ጠመንጃ የዘጋውን መንገድ ግን ጎሚስታም መሐንዲስም አይከፍተውም።

መምህር፦ በደርግ ዘመን መኪናው ሁሉ በቀጠና ተደራጅቶ ነበር። ብዙ ባለመኪና ያንን ዘመን አያመሰግነውም።

ሾፌር፦ ባለመኪናው ያማረረበት ምክንያት አለው። ወረፋ ይይዛል፤ ጭነቱን ራሱ አይመርጥም፤ ታሪፉን መንግሥት ይወስናል፤ መለዋወጫ ይጠፋል፤ አሮጌው ኤንትሬ ሳያርፍ ይሠራል። ብሔራዊ ትራንስፖርት ኮርፖሬሽን በሚባለው መሥሪያ ቤት ሥርም የመንግሥት መኪናዎች ነበሩ። እኔ ግን ሌላውን ደግሞ አይቻለሁ። ነጻ ገበያ ቢሆን ወደ ደጋ የማይወጣ መኪና ታዞ ይወጣ ነበር፤ ባለመኪናው መንገዱ ጎማ ይበላብኛል ብሎ የሚሸሸውን አገር ትእዛዝ ይወስደው ነበር። በ1984 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቀጠናው ፈርሶ ገበያው ነጻ ሲሆን፣ ትልልቁ መኪና ወደ አስፋልቱና ወደ ወደቡ ሄደ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም አሰብ ተዘግቶ ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። በየክልሉም ድርጅቶች ተቋቋሙ፤ በእኛ በኩል ጥቁር ዓባይ፣ በትግራይ ትራንስ ኢትዮጵያ። ላስታ ግን በአይሱዙ ዳነች።

መምህር፦ በአይሱዙ!

ሾፌር፦ በአይሱዙ። ትልቁ ድርጅት ወደዚህ ሊወጣ አልቸኮለም። የወልድያና የላሊበላ ነጋዴ እየተበደረ፣ ከወንድሙ ጋር እየተካፈለ ትንሿን አይሱዙ ገዛ። ሃምሳ ኩንታል ገደማ ትጭናለች፤ ጠባብ መንገድ ትገባለች፤ ባለቤቷ የአገር ልጅ ስለሆነ የሚጭነውን ሰው በስሙ ያውቀዋል። በዛሬው ዘመን በታኅሣሥ 29 ዋዜማ ከወሎና ከጎጃም፣ ከትግራይና ከጎንደር ምዕመናን ወደዚህ ሲጎርፉ፣ በእግሩ ከሚመጣው በቀር ብዙው በአይሱዙ ጀርባ ቆሞ፣ ሌሊቱን እየዘመረ ነው የሚደርሰው። ይህ አደገኛ ነው፤ ሰውን እንደ እህል መጫን ትክክል አይደለም፤ እንዲቀርም እመኛለሁ። ነገር ግን ያ ሕዝብ ቤዛ ኩሉ ሲባል እንዲደርስ ያደረገው ማን እንደ ሆነ መታወቅ አለበት።

መምህር፦ የአብያተ ክርስቲያናቱን ዐለት ከዝናብ ለመጠበቅ በ2000 ዓ.ም. ገደማ የተተከለው የብረት መጠለያም እኮ በከባድ መኪና ነው የመጣው። ስለ መጠለያው መልክና ክብደት ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ ያንን ሁሉ ብረት እስከዚህ ያወጣውን ሾፌር ግን ማንም አላነሣውም። አሁን ስለ ረዳት እነግርዎታለሁ ያሉትን ይንገሩኝ። እኔ ለመጻፍ ብዕሬን ይዣለሁ።

ሾፌር፦ እንግዲያው ከሁሉ በፊት ረዳቱ ይጻፍልኝ፤ ሾፌር ስሙ በባለመኪናው ደብተር ይገኛል፤ ረዳት ግን የትም አይገኝም። አብዛኛው ከደጋ የወረደ ልጅ ነው፤ እኔም እንደዚያው ነኝ። የሚተኛው ከጭነቱ ላይ በሸራ ሥር ነው፤ ሌባ እንዳይመጣ። ከሌሊቱ በአሥር ሰዓት ይነሣል፤ የሞተሩን ዘይት ያያል፤ ራዲያተሩን ይሞላል፤ ጎማዎቹን በመዶሻ እየመታ በድምፃቸው ያውቃቸዋል፤ የላላውን የጭነት ገመድ ያጠብቃል። በዳገት ታኮውን ይዞ ከኋላ ጎማ ጎን በእግሩ ይሮጣል፤ መኪናው ወደ ኋላ ሊንሸራተት ሲል በቅጽበት ከጎማው ሥር መወርወር አለበት፤ እጁን ያጣ ብዙ ነው። ጎማ ሲፈነዳ የሚያወርደውም የሚያወጣውም እርሱ ነው። ደመወዙ ጥቂት ነው፤ ምግቡን ሾፌሩ ያበላዋል። ይህን ሁሉ የሚታገሠው መሪ ለመጨበጥ ነው።

መምህር፦ መቼ ነው የሚጨብጠው?

ሾፌር፦ ሾፌሩ ሲፈቅድ ነው፤ የሚፈቅደውም ሜዳ ላይ ነው። በእኛ መሥመር ያ ስፍራ የቆቦ ሜዳ ነበር። ከወልድያ ወርደን ጎብዬንና ሮቢትን ካለፍን በኋላ እስከ አላማጣ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ በሌሊት ከግመልና ከጅብ በቀር የሚያጋጥም የለም። እዚያ ሾፌሩ ይወርድና በረዳቱ ቦታ ይቀመጣል። መጀመሪያ ፍሪሲዮኑን ብቻ ያስረግጥሃል፤ ማርሹን እርሱ ይቀይራል። ቀጥሎ ማርሹን ይሰጥሃል፤ ኤንትሬ ማርሹ የሚገባው የሞተሩን ድምፅ ሰምተህ ነዳጁን መጥነህ ስትሰጠው ነው፤ ካልሰማኸው ይጮኻል፤ ሾፌሩም እጅህን ይመታሃል። ከግራ ካሱ ዳገት ሥር ስንደርስ መሪውን ይቀበለኝ ነበር፤ ዳገት ለተማሪ አይሰጥምና። በዚህ ሁኔታ ስመላለስ ቆይቼ፣ አንድ ሌሊት አላማጣ ደርሰን ልወርድ ስል "ቁጭ በል፣ ኮረም አውጣት" አለኝ። አወጣኋት። በማግሥቱ መንጃ ፈቃድ ለመፈተን ወደ ደሴ እንድሄድ ገንዘቡን የሰጠኝ እርሱ ነው።